ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ጋዜጣችሁን ደሴ ሆኜ እከታተላለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ ትጽፋላችሁ፤ ደግ አድርጋችኋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ብዙ ሰው ቦታ ስለማይሰጠው ነገር ነው። በየቤቱ ቁም ሳጥን ላይ፣ በየቢሮው ንብረት ክፍል ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። እሱ ውስጥ ያለው ፋይል ሳይወጣ እየጠፋ ነው። የሚጠፋው ዕቃው ስላረጀ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። አብዛኛውን የምናጠፋው እኛው ነን፤ ያውም ይሠራልናል ብለን በወሰድንበት ቦታ።

ሥራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የእድር ደንብ እጽፋለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አስተካክላለሁ። ሰው ላፕቶፑ ሲበላሽ መጀመሪያ ጥገና ቤት ይሄዳል። ከዚያ ሲመለስ እኔ ጋ ይመጣል፣ "እባክሽ ፋይሌን ፈልጊልኝ" እያለ። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልቋል፤ ምክንያቱም ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጓል፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ተዘጋጅቷል። ዘገየ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባበት፣ ፎርማት። ፓስዎርድ ተረሳ፣ ፎርማት። ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አንድ አባት ከወረ ኢሉ መጥተው ነበር። ላፕቶፑ የሟች ወንድማቸው ነው። ወንድማቸው በሕይወት ሳሉ የድሮ መንዙማ የተቀዳባቸውን ካሴቶች ከየሰዉ እየተዋሱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ኖረዋል። ላፕቶፑ አልነሳ ሲል ልጆቹ ጥገና ቤት ወሰዱት፣ በማግስቱም ተሠርቷል ተባሉ። እውነትም ተሠርቷል። ቶሎ ይነሳል፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል፣ ለደንበኛው ደስ ይበለው ተብሎ ጥቂት ፊልምም ተጨምሮለታል። አባት ስክሪኑን ወደኔ አዞሩና ግራ ጥጉን በጣታቸው እየነኩ "ልጄ፣ እዚህ ጋ ነበር የሚጫነው" አሉኝ። ሰማያዊ ብቻ ነው፣ ምንም የለም።

"አባባ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ አለ?" አልኳቸው።

"ካሴቶቹንማ ከገለበጠ በኋላ ለየባለቤቱ መልሷል። ባለቤቶቹም እኮ ግማሾቹ አልፈዋል።"

ይኼ ወሎ ነው። ባቲ እና አምባሰል የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ከእኛ አገር ነው። እነ ጀማ ንጉሥ፣ እነ ዳና መንዙማ ሲባልባቸው የኖሩ ቦታዎች ናቸው። የብዙው ድምፅ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀረፀ አይደለም፤ በሰው ቤት፣ በካሴት፣ በኋላም በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው። ያ ላፕቶፕ ሲጸዳ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚገኝ ነገር የለም።

የአባትን ጉዳይ ልጨርስ። ፈጣኑ ፎርማት ሲደረግ አሮጌው ሃርድ ዲስክ (ፋይሉ የሚቀመጥበት ዕቃ) ላይ ያለው መረጃ ወዲያው አይደመሰስም። የሚጠፋው ማውጫው ነው። ፋይሉ ራሱ ሌላ ነገር በላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ላፕቶፑን አጥፍቶ ማስቀመጥ አለበት፤ ምንም አይጫንበት፣ አይከፈት። ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ይገናኝና ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ በሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይፈለጋል። የተገኘው ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። እኛም እንደዚያ አደረግን፣ የተወሰነ አገኘን። የፋይሎቹ ስም ጠፍቷል፣ አንዳንዱ መሃል ላይ ይቆረጣል። ዊንዶውሱና ፊልሞቹ የሰፈሩበት ቦታ ላይ የነበረው ግን ሊመለስ አልቻለም። ይኼ ሁሉ የሚሠራው በድሮው ሃርድ ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ዲስክ የሌለው አዲሱ ዓይነት ማስቀመጫ) ላይ ከሆነ ተስፋው በጣም ጠባብ ነው፤ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ወዲያው ወዲያው ያጸዳዋል።

አሁን ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ቆመ፣ የዊንዶውስ 7 በ2020 ቆመ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ አይቀበልም። ስለዚህ ቢሮውም ግለሰቡም ዕቃ እየቀየረ ነው። አዲሱ ሲገዛ አሮጌው ወይ ለልጅ መጫወቻ ይሰጣል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ውስጡ ያለው አብሮ ይሄዳል።

እና ምን ይደረግ?

ላፕቶፑ አሁንም የሚነሳ ከሆነ አብሽሩ፣ ከባዱ ነገር አልፏል። ምንም እንዳታስተካክሉ ብቻ። አፕዴት አታድርጉ፣ አዲስ ፕሮግራም አትጫኑ፣ ቦታ ላስለቅቅ ብላችሁ አትሰርዙ። መጀመሪያ ኮፒ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፉትና ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ እንዲህ ያለ ዲስክ በተከፈተ ቁጥር ይባስ ይበላሻል።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት ሄደ ማለት ሥራው መሃል ላይ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ደሴ ላይ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ከት አድርጋችሁ አታዛውሩ፣ ኮፒ ብቻ አድርጉ። መብራቱ ቢሄድ እንኳ ዋናው እቦታው አለ። ሁሉንም ባንዴ ከመጫን ፎልደር በፎልደር ውሰዱ፤ የቱ እንዳለቀ፣ የቱ እንደቀረ ታውቃላችሁ። በጣም የቆየ ላፕቶፕ ዩኤስቢው ራሱ ቀርፋፋ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ዩኤስቢ አንድ ጊጋባይት ለማሳለፍ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ተበላሸ ብላችሁ አትንቀሉት፣ ታገሡት።

ፋይሉ የት እንዳለ ማወቅም አንድ ነገር ነው። የእኛ ሰው ያለውን ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ይደረድራል። ዴስክቶፕ ያለው ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውሱ ራሱ በተጫነበት ክፍል ነው፤ ፎርማት ሲደረግ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ሌላውን ክፍል፣ ዲ ድራይቭን ብቻ ገልብጦ ጨረስኩ የሚል ሰው ዋናውን ትቶ ነው የሄደው። ኤክስፒ ላይ ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ የሚባለውን፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ባሉት ላይ ደግሞ ዩዘርስ የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ። በስማችሁ የተሰየመ ፎልደር አለ፤ ዴስክቶፑም፣ ዶክመንቱም፣ ፎቶውም፣ ከኢንተርኔት የወረደውም ያለው እዚያ ነው። እሱን ከነሙሉው ውሰዱት።

በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነ ቫይረሱን ተጠንቀቁ። አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ሾርትከት (ወደ ፋይል የሚያደርስ አቋራጭ ምልክት) የሚሠራው ቫይረስ አይጠፋም። ፍላሹን ትሰኩታላችሁ፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለችበት ሾርትከት ሆነው ታገኛላችሁ። ሰው ይደነግጥና ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ኧረ አታድርጉ! ፋይሉ ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ቀስት ያለባቸውን አትንኩ፣ ፍላሹን ጥሩ አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር አስፈትሹት፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ፤ እዚያው ታገኟቸዋላችሁ።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሻላል፣ ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛ የአሮጌው ላፕቶፕ ዩኤስቢ ኃይል ያንሰውና ዲስኩ አይነሳም፤ ሁለት መሰኪያ ያለው ኬብል ያስፈልገዋል። ሌላው ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ነው፤ ፋት 32፣ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይባላል። ፋት 32 የሆነ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ ላይ ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ጋ ነው፤ ቦታ እያለ "ቦታ የለም" ይለዋል። ኤክስፋት የሆነውን ደግሞ ኤክስፒ እንዳለ አያነበውም። ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ዲስክ ከሁለቱም ያድናል።

በኢንተርኔት ልላከው ብላችሁ ብዙ አትድከሙ። የድሮው ብሮውዘር የዛሬን ድረ ገጽ አይከፍትም። ውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ ካለቀች ደግሞ ላፕቶፑ ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ወደ ኋላ የሄደ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይሉም ሌላውም አልከፈት ይላል። ሁለቱን ላፕቶፕ በኬብል ማገናኘትም እንደ ድሮው አይሆንም፤ ኤክስፒ የሚጠቀምበትን የፋይል ማጋሪያ መንገድ አዲሱ ዊንዶውስ ለደኅንነት ሲል ዘግቶታል።

ስክሪኑ ቢጠፋስ? ስክሪን ጠፋ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። በኬብል ከሌላ ስክሪን ወይም ከቲቪ ጋር አገናኙት። ላፕቶፑ ጨርሶ አልነሳ ካለ ሃርድ ዲስኩን አስነቅሉ፤ በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ከሥር ጥቂት ብሎን ፈትቶ ማውጣት ነው። በዩኤስቢ የሚያገናኘው ኬዝ ሲገዛ ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱ፤ በጣም የቆየው ቀጫጭን ፒኖች የተደረደሩበት አይዲኢ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሳታ ነው፣ አንዱ ለአንዱ አይገባም። ፓስዎርድ ረሳሁ የሚልም ሰው ፎርማት አያስፈልገውም። የድሮው ዊንዶውስ ፓስዎርድ ፋይሉን አይቆልፍም፤ ባለቤቱ በተለየ ካላስቆለፈው በቀር ዲስኩ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ይነበባል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ፤ ይኼኛው ነው ሁሌ የሚያንገበግበኝ።

አማርኛ ፋይል ገልብጦ መውሰድ ብቻውን አይበቃም። አንድ የእድር ጸሐፊ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብና የአባላት ዝርዝር ከአሮጌ ላፕቶፕ በጥንቃቄ ገልብጠው፣ አሮጌውን ለዘመድ ሰጥተው፣ አዲሱ ላይ ሲከፍቱት የማይነበብ ነገር ሆነባቸው። እኔ ጋ አመጡት። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ አንቀጹም እንዳለ ነው፣ ሰንጠረዡም አልተነካም። ጽሑፉ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ከቃለ አጋኖ፣ ከቅንፍ፣ ከመቶኛ ምልክት ጋር ተደባልቆ የተረጨበት ነው። "ቫይረስ በላው" ብለው አዝነዋል። ቫይረስ አይደለም። ደንቡ የተጻፈው ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው።

ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የጋራ ቁጥር ነው፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ነው፤ በላዩ ላይ "ሀ" ወይም "ለ" ብሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ሥሩ ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። ስለዚህ ፋይሉን ስትወስዱ ፎንቱንም ውሰዱ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚል አለ፤ እዚያ ያሉትን የግዕዝ ፎንቶች በሙሉ ከፋይሉ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። አንዱን ብቻ ወስዳችሁ እንዳትሄዱ። አንድ ፎንት ውስጥ ሁሉም ፊደል ስለማይበቃ ለብዙ ፎንት አከፋፍለውት ነበር፤ አንዱ ከጎደለ ጽሑፉ በየመሃሉ ይበላሻል።

የእድሩን ደንብ ያዳነው ይኸው ነው። ላፕቶፑ የተሰጠው ዘመድ ኮምቦልቻ ስለነበር፣ ደግሞም ገና ፎርማት ስላላስደረገው፣ ፎንቶቹን በፍላሽ አስመጣን። አዲሱ ላይ ጭነን ፋይሉን መልሰን ስንከፍተው ያ ሁሉ ቅንፍና ቃለ አጋኖ ወደ አማርኛ ተመለሰ። የአባላቱ ስም ከነአባታቸው ቁጭ አለ። ጸሐፊው ከላይ ጀምረው ጮክ ብለው አነበቡት።

ከዚያም በኋላ አልተውኩትም። እንዲህ ያለ ፋይል በፎንቱ ላይ ተንጠልጥሎ መኖር የለበትም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከተቀየረ በኋላ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጋር እያመሳከረ ማንበብ አለበት፤ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይሳሳታል። ቢያንስ ደግሞ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ እያላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ይሄዳል። ፔጅሜከር በሚባለው የድሮ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተሠራ መጽሔት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የምረቃ ቡክሌት ያላችሁ በተለይ ስሙኝ። ያንን ፋይል ዛሬ የሚከፍት ኮምፒውተር ማግኘት መከራ ነው። የሚከፍተው አሮጌው ላፕቶፕ ነው፣ እሱም ዛሬ ይነሳል፣ ነገ አይታወቅም። ይቅርታ ረዘመብኝ፤ ግን ስንት ትምህርት ቤት የፈተና ጥያቄውን፣ ስንት ማኅበር ቃለ ጉባኤውን በዚህ እንዳጣ ስለማየው ነው።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ አረጋግጡ። አሮጌው ላይ ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስን ክፈቱ፤ የፋይሉን ብዛትና መጠን ይነግራችኋል። አዲሱ ላይም እንዲሁ። ቁጥሩ እኩል ካልሆነ የቀረ አለ። ከየዓይነቱ ከፍታችሁ እዩ፤ ፎቶውን ተመልከቱ፣ ድምፁን ስሙት።

ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም.ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ቢሮና ብዙ ቤት ሲዘረፍ ኮምፒውተሩም አብሮ ሄዷል። ዕቃው ቀስ በቀስ ተተክቷል። ውስጡ የነበረው የልጅ ፎቶ፣ የሰነድ ስካን፣ የዓመታት ሥራ አልተተካም። ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ የሟች ልጃቸውን አንድ ፎቶ ለማሳጠብ ከሰው ስልክ ላይ ትንሿንና የደበዘዘችውን ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ጥሩው ላፕቶፕ ውስጥ ነበር ይላሉ። ስለዚህ አንዱ ኮፒ እናንተ ጋ ይሁን፣ አንዱ ሌላ ከተማ ካለ ልጅ ወይም ዘመድ ጋ ይቀመጥ። ፍላሽ ደግሞ ማመላለሻ ነው፤ የዓመታት ማስቀመጫ አታድርጉት።

ይህ ሁሉ ካለቀ፣ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ፣ አሮጌውን ለመሸጥ ወይም ለመስጠት ከፈለጋችሁ ያን ጊዜ ይጽዳ። ያውም በደንብ ይጽዳ፤ ፈጣን ፎርማት ብቻ የተደረገ ዲስክ ላይ የእናንተን የግል ነገር የገዛው ሰው ሊያወጣው ይችላል።

ለመሥሪያ ቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ንብረት ክፍል የሚወገድ ዕቃ ሲመዘግብ የላፕቶፑን ዓይነትና ሴሪያል ቁጥር ይጽፋል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚመዘግብ ግን አላየሁም። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ከፍቶት፣ የሚፈለገውን አውጥቶ፣ ያወጣሁት ይኼ ነው ብሎ ይፈርም። የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። ዛሬ "ፋይልዎ ጠፍቷል፣ እንደገና ያምጡ" እየተባለ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ስንት እንደሆነ ማመልከቻውን የምጽፍለት እኔ አውቀዋለሁ።

ለጥገና ባለሙያዎች ደግሞ፣ ወንድሞቼ ናችሁ፣ ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ። ሥራው ጥድፊያ እንዳለበት፣ ደንበኛውም "ምንም የለበትም፣ ቶሎ አድርስልኝ" እንደሚል ይገባኛል። ግን የሚያመጣው ልጁ ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ደግሞ አባት ናቸው። ምንም የለበትም ያለው ልጅ የአባቱን ነገር አያውቅም። ዕቃ ስትቀበሉ በምትሰጡት ካርድ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ውስጡ ያለው መረጃ ይፈለጋል / አይፈለግም"፤ ከጎኑ የደንበኛው ፊርማ። ይፈለጋል ካለ ገልብጣችሁ የድካማችሁን ዋጋ አስከፍሉ፤ ሰው ይከፍላል፣ እኔ ጋ መጥቶ አልቅሶ ከመክፈል እናንተ ጋ ደስ ብሎት ይከፍላል። ያንን ካርድ በነፃ ጽፌ ላትምላችሁ ዝግጁ ነኝ። እናንተም አዘጋጆች ይህን ደብዳቤ ስታወጡ የካርዱን ሐሳብ እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ ባለቤት፣ ደሴ